ታፑ ሳይሆን ቀዳዳው ነው፦ ብረት መብሳትና ጥርስ ማውጣት

ታፕ፣ ማለትም ቀዳዳ ውስጥ የብሎን ጥርስ የሚያወጣው መቁረጫ፣ ሲሰበር ሁሉም ታፑን ነው የሚረግመው። "ቻይና ነው"፣ "ኦሪጅናል ድሮ ቀረ" ይባላል። አንዳንዴ እውነት ነው፤ ገበያው ላይ ለብረት የማይሆን ታፕ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ነገሩ የተበላሸው ታፑ ገና ከሳጥኑ ሳይወጣ፣ ድሪሉ ላይ ነው። ቀዳዳው ጠቧል፣ ወይ ተንጋዷል፣ ወይ የደነዘዘ ፑንታ (የድሪሉ መብሻ) ግድግዳውን አቃጥሎ አደንድኖታል። ከዚያ በኋላ የፈለገው ዓይነት ታፕ ቢመጣ አያድነውም። ስለዚህ ስለ ሁለቱም እንነጋገር፤ ስለ መብሳትም፣ ጥርስ ስለ ማውጣትም።

አንድ ሥራ ይዘን እንሂድ። የብየዳ ጠረጴዛ አላችሁ እንበል። ከላይ 12 ሚሊ ውፍረት ያለው ተራ ብረት ነው፣ ከሥሩ በላሜራ ተሸፍኖ ተበይዷል፣ እጅ አይገባም። እላዩ ላይ ሞርሳ (ዕቃ ጨምቆ የሚይዘውን) በአራት ኤም 10፣ ማለትም ዲያሜትሩ 10 ሚሊ በሆነ ብሎን ማሰር ትፈልጋላችሁ።

ሁለቱ ሥራዎች ፀባያቸው ለየቅል ነው

ፑንታ የሚቆርጠው በጫፉ ነው። ጎኑ ቀዳዳው ውስጥ መስመር ይይዛል እንጂ ብዙም አይሠራም። የተቆረጠውም ብረት፣ ፍቅፋቂው፣ ጎኑ ላይ ባለው ቦይ ወደ ላይ እየወጣ ይሄዳል። ታፕ ግን በጎኑ ነው የሚቆርጠው፣ ብዙ ጥርሶቹ በአንድ ጊዜ ብረቱን ይዘውታል፣ ፍቅፋቂውም ቶሎ መውጫ ስለማያገኝ እዚያው ቦዩ ውስጥ ይጠራቀማል።

ትልቁ ልዩነት ግን ይሄ ነው። ፑንታ በአንድ ዙር ምን ያህል ወደ ታች እንደሚገባ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፤ ስትጫኑ ይገባል፣ ስትለቁ ይቆማል። 8.5 ሚሊ ፑንታ ተራ ብረት ላይ በአንድ ዙር ከ0.15 እስከ 0.2 ሚሊ ቢገባ ጥሩ ነው። ታፕ ላይ ግን ምርጫ የላችሁም። ኤም 10 ታፕ አንድ ዙር ከዞረ 1.5 ሚሊ ይወርዳል፣ አለቀ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች ካለፈ በኋላ መጫን አያስፈልግም፣ ራሱን እየጎተተ ይገባል። በአንድ ዙር ከፑንታው ከሰባት ተኩል እስከ አሥር እጥፍ እየወረደ ነው ማለት ነው። ለዚህ ነው ድሪሉን ፈጠን አድርገን ታፑን በእጅ፣ ቀስ ብለን፣ ወደፊትና ወደኋላ የምናዞረው።

ከዚሁ ጋር፦ ፊቱ ፑንታ ኋላው ታፕ የሆነ፣ ባለ ስድስት ጎን እግር ያለው "ሁለት በአንድ" ተብሎ የሚሸጥ ዕቃ አለ። ለስስ ብረት ደህና ነው። ብረቱ ከፑንታው ክፍል ርዝመት ከወፈረ ግን አትሞክሩት፤ ፑንታው ገና ሳይጨርስ ታፑ ይነክሳል፣ አንዱ በራሱ ልክ መጎተት ሲጀምር ሌላው ደግሞ በዚያ ፍጥነት መቁረጥ አይችልም፣ መሃል ላይ ይሰበራል።

መጀመሪያ ጥያቄው፦ ታፕ ያስፈልጋል ወይ?

እጅ ከጀርባ የሚደርስ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ሰፋ ያለ ቀዳዳ ብሱ፣ ብሎን አሳልፉ፣ በዳዶና በሮንዴላ እሰሩ። ለኤም 10 ብሎን 11 ሚሊ፣ ለኤም 8 9 ሚሊ፣ ለኤም 6 6.5 ሚሊ ቀዳዳ ይበቃዋል። ዳዶው ቢበላ በሌላ ይቀየራል፤ ጠረጴዛው ላይ የወጣ ጥርስ ቢበላ ግን ሌላ ሥራ ነው የሚጠብቃችሁ። በቀበቶ የሚነዳ ሞተር፣ ለምሳሌ የወፍጮ፣ ቀበቶው ሲላላ መሳብ ስላለበት መቀመጫው ላይ ረዘም ያለ ቀዳዳና ዳዶ እንጂ ጥርስ አይወጣለትም።

ታፕ የሚያስፈልገው ጀርባው ሲዘጋ ነው፣ እንደኛ ጠረጴዛ። ወይም ብረቱ በጣም ወፍራም ሲሆን፣ ወይም ብሎኑ በሌላ በኩል ብቅ እንዲል በማይፈለግበት ቦታ።

ውፍረቱስ ይበቃል? አንድ ኤም 10 ዳዶ አንሱና ውፍረቱን ለኩት፣ ወደ 8 ሚሊ ነው። ያቺ ዳዶ ሙሉ ብሎን ትይዛለች። እንግዲህ ብረት ላይ የብሎኑን ዲያሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ጥርስ ካለ በቂ ነው፤ የኛ 12 ሚሊ ከበቂ በላይ ነው። አልሙኒየም ላይ ግን አንድ ተኩል፣ ከተቻለ ሁለት እጥፍ ያስፈልጋል። 1.5 ሚሊ ላሜራ ላይ ኤም 6 ጥርስ ማውጣትማ ድካም ነው፤ የኤም 6 ጥርስ ርቀቱ፣ ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ፣ 1 ሚሊ ስለሆነ አንድ ተኩል ጥርስ ብቻ ነው የምታገኙት። እዚያ ላይ ከጀርባው ዳዶ በይዱበት።

የፑንታው ልክ

ደንቡ አጭር ነው። ከብሎኑ ዲያሜትር ላይ የጥርሱን ርቀት ቀንሱ። ኤም 10 ላይ የተለመደው የጥርስ ርቀት 1.5 ነው፤ 10 ሲቀነስ 1.5፣ 8.5። ኤም 6 ላይ 6 ሲቀነስ 1፣ 5 ሚሊ። ኤም 3 ላይ 2.5፣ ኤም 4 ላይ 3.3፣ ኤም 5 ላይ 4.2፣ ኤም 8 ላይ 6.8፣ ኤም 12 ላይ 10.2፣ ኤም 16 ላይ 14።

አሁን ችግሩን አያችሁት? ብዙ ሰው የሚገዛው የፑንታ ሳጥን በግማሽ ሚሊ የሚሄድ ነው፤ 6፣ 6.5፣ 7። 6.8 የለበትም። 4.2ም የለበትም። እናም ኤም 8 ታፕ ለማስገባት አንዱ 6.5 ያነሳል፣ ሌላው 7። በእኔ እምነት ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ከሆነ 7 ነው። በ6.8 ስትበሱ ከሙሉው ጥርስ ጥልቀት ወደ 74 በመቶ ታገኛላችሁ፣ በ7 ወደ 62 በመቶ፣ በ6.5 ደግሞ ወደ 92 በመቶ። "የበለጠ ከሆነ አይሻልም?" ትሉ ይሆናል። አይሻልም። ከ75 በመቶ በላይ ስትሄዱ ጥርሱ የሚጨምረው ጥንካሬ ትንሽ ነው፣ ታፑን ለማዞር የሚያስፈልገው ጉልበት ግን በጣም ይጨምራል፣ ኤም 8 ታፕ ደግሞ ቀጭን ነው። ኤም 5 ላይ ግን እንዲህ መቀያየር አይቻልም፤ 4 ሚሊ ታፕ ይሰብራል፣ 4.5 ደግሞ ግማሽ የማይሞላ ጥርስ ይሰጣል። 3.3፣ 4.2፣ 6.8 እና 10.2 ፑንታ ለብቻ ግዙ፣ ከታፑ ጋር አብራችሁ አስቀምጡ። ከአንድ የተሰበረ ታፕ ጣጣ ይረክሳል።

ሌላው ነገር የጥርሱ ርቀት ራሱ ነው። ኤም 10 ሁሉ አንድ አይደለም። ከብረት ዕቃ መሸጫ የሚገዛው ተራ ብሎን 1.5 ነው፣ የጃፓን መኪኖች ላይ ግን ብዙ ቦታ 1.25 ታገኛላችሁ። የቶዮታ ኮፓ (የሞተሩ ዘይት የሚጠራቀምበት) ላይ ያለው የዘይት ማፍሰሻ ብሎን ብዙውን ጊዜ 12 በ1.25 ነው፣ ተራው ኤም 12 ግን 1.75። ከመኪና ላይ የወረደ ብሎን ይዛችሁ በሱ ልክ ጥርስ የምታወጡ ከሆነ መጀመሪያ የጥርስ መለኪያ አስጠጉበት። መለኪያ ከሌለ በካሊፐር የ10 ጥርስ ርዝመት ለኩና ለ10 አካፍሉ። የእንግሊዝና የአሜሪካ ኢንች ጥርሶችም አሉ፤ ሩብ ኢንች ብሎን ኤም 6ን በዓይን ይመስላል፣ 6.35 ሚሊ ነው፣ ኤም 6 ቀዳዳ ውስጥ በጉልበት ካስገባችሁት ሁለቱንም ያበላሻል። የቧንቧ ጥርስ ደግሞ ራሱን የቻለ ዓለም ነው። ማዕዘኑ 55 ዲግሪ ነው፣ የሜትሪኩ 60፤ ግማሽ ኢንች የሚባለው ጥርስም በካሊፐር ወደ 21 ሚሊ ይለካል። ለሱ የራሱ ታፕ አለው።

መብሳቱ

ሞርሳውን የሚቀመጥበት ቦታ ላይ አስቀምጡ፣ አስተካክሉ፣ በክላምፕ ያዙት። ከዚያ የሞርሳው እግር ቀዳዳ ውስጥ ልክ የሚገባ ፑንታ ፈልጉ፣ 11 ሚሊ ቀዳዳ ካለው 11 ሚሊ ፑንታ። ድሪሉን ለአንድ ሁለት ሰከንድ ብቻ ነካ አድርጉና አውጡ። ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ሾጣጣ ጎድጓዳ ይቀራል፣ መሃሉም የቀዳዳው መሃል ነው። አራቱንም እንዲህ ምልክት አድርጉ። በሜትርና በእርሳስ ከመለካት ይበልጣል፣ ምክንያቱም የሞርሳ እግር ቀዳዳዎች ብዙ ጊዜ እኩል አልተበሱም።

ሞርሳውን አንሱና እያንዳንዱን መሃል በፓንችና በመዶሻ አንድ ጊዜ ጠበቅ አድርጋችሁ ምቱ። ይሄን የሚዘል ሰው ፑንታው ሲንሸራተት ያየዋል።

ቀጥሎ 3 ሚሊ ፑንታ፣ እስከ መጨረሻው። የትልቁ ፑንታ ጫፍ መሃሉ ላይ የማይቆርጥ ደንቃራ አለ፣ ብረቱን የሚገፋ እንጂ የሚቆርጥ አይደለም፤ ትንሹ ቀዳዳ ለዚያ ቦታ ያስለቅቅለታል። ግን መጀመሪያ በ3፣ ከዚያ በ5፣ ከዚያ በ7 እያሉ ደረጃ በደረጃ ማስፋት አያስፈልግም፤ ትልቁ ፑንታ በጠርዙ ብቻ ሲነክስ ይንቀጠቀጣል፣ ቀዳዳው ክብነቱን ያጣል። ከ3 ቀጥታ ወደ 8.5።

ፍጥነቱስ? የሚቆርጠው ፍጥነት በሜትር በደቂቃ ይነገራል፤ ተራ ብረት በኤችኤስኤስ (በተለመደው የመቁረጫ ብረት) ፑንታ ወደ 25 ነው። ያንን በ318 አባዙና ለፑንታው ዲያሜትር አካፍሉ፣ የዙር ቁጥር ይሰጣችኋል። ለ8.5 ወደ 900 ዙር በደቂቃ ይመጣል፣ ለ3 ደግሞ ወደ 2600። የእጅ ድሪል ቁልፉን እስከ መጨረሻ ስትጫኑት ብዙ ጊዜ ከ2500 በላይ ይዞራል። በዚያ ፍጥነት 8.5 ፑንታ ብረት ላይ ካስቀመጣችሁ በደቂቃ ውስጥ ጫፉ ሰማያዊ ይሆናል፣ ያ ማለት አልቆለታል ማለት ነው። ዘግየት አድርጉ፣ ጠንከር አድርጋችሁ ተጫኑ። ብዙዎቻችን የለመድነው ተቃራኒውን ነው፣ ፈጠን ማድረግና ቀለል አድርጎ መጫን፤ እሱ መፋቅ እንጂ መቁረጥ አይደለም።

ፍቅፋቂውን እዩ፣ ሁሉን ነገር ይነግራችኋል። ከሁለቱም ቦይ እኩል የተጠማዘዘ ረጅም ፍቅፋቂ ከወጣ ፑንታው በደንብ ተስሏል። ከአንዱ ብቻ የሚወጣ ከሆነ አንዱ ስለት ከሌላው ይረዝማል፣ ያ ፑንታ 8.5 ተብሎ 8.8 ይበሳል። ዱቄት ብቻ ከወጣ ደንዝዟል፣ ወይ አልተጫናችሁም። የሚጮህ ከሆነ አቁሙና ሳሉት፤ አለበለዚያ ግድግዳውን አቃጥላችሁ ለታፑ ጠንካራ ቆዳ ትተዉለታላችሁ።

ፑንታው ሊዘልቅ ሲል ግፊቱን ቀንሱ። በዚያች ሰዓት ነው የሚነክሰው፣ የእጅ ድሪል የያዡን የእጅ አንጓ የሚጠመዝዘውም ያኔ ነው። ተነቃይ ብረት ከሆነ በእጅ ይዛችሁ አትብሱ፣ በሞርሳ ወይ በክላምፕ ይያዝ። መነጽር ይደረግ፣ የሚዞር ፑንታ አጠገብ ጓንት፣ ነጠላ፣ ሻርፕ፣ የተለቀቀ ፀጉር አይቅረብ። ጓንት እጅ የሚጠብቅ ይመስላል፣ ድሪል ላይ ግን ጣት አብሮ የሚያስጠመዝዝ እሱ ነው።

ቀጥ ያለ መሆኑን እንዴት ታውቃላችሁ? ቋሚ ድሪል ካለ ጉዳዩ የለም። በእጅ ድሪል ከሆነ ስኳድራ (የ90 ዲግሪ ማዕዘን መለኪያ) አጠገቡ አቁሙና ሌላ ሰው ከጎን ይይ፣ እናንተ ከፊት። ተንጋዶ የተበሳ ቀዳዳ ውስጥ ታፕ ቀጥ ብሎ አይገባም፣ ቀዳዳውን ነው የሚከተለው።

መጨረሻ ላይ የቀዳዳውን አፍ በጥቂቱ አስፉ። ማስፊያ ፑንታ ካለ በሱ፣ ከሌለ ደግሞ 12 ሚሊ ፑንታ በእጅ ሁለት ሦስት ዙር፤ አፉ ከ10 ሚሊ በጥቂት እስኪበልጥ። ይህቺ ትንሽ ሥራ ታፑ መሃል እንዲይዝ ታደርጋለች፣ የላይኛው ጥርስም ጠርዝ ላይ ብቅ ብሎ ሞርሳው እንዳይቀመጥ አያደርግም።

ጥርሱን ማውጣት

የእጅ ታፕ ብዙ ጊዜ በሦስት ይሸጣል። ከእግሩ አጠገብ ቀለበት የመሰለ ጭረት አለ። ባለ አንድ ጭረቱ የመጀመሪያው ነው፣ ባለ ሁለቱ ሁለተኛው፣ ጭረት የሌለው የመጨረሻው። እንዲህ ዓይነቶቹ ላይ የመጀመሪያው ሙሉ ጥርስ አይቆርጥም፤ ሥራው ለሦስቱ ተከፋፍሏል። ስለዚህ "አንደኛው ገብቷል፣ በቃ" ብላችሁ ብሎን ካስገባችሁ አይገባም ወይም ተጣብቆ ይቀራል። አንዳንድ ስብስብ ላይ ደግሞ ሦስቱም ሙሉ ናቸው፣ የሚለያዩት ጫፋቸው ምን ያህል እንደሾለ ብቻ ነው። በካሊፐር ዲያሜትራቸውን ስትለኩ ይለያል።

የታፕ እጀታ ይኑራችሁ። በእንግሊዝ ቁልፍ ታፕ የሚያዞር ሰው ታፑን በአንድ ጎን ብቻ እየሳበ ነው፣ ታፕ ደግሞ መታጠፍ አይወድም። በሁለት እጅ፣ በእኩል ኃይል።

ዘይት አድርጉበት፣ ቀዳዳውም ውስጥ፣ ታፑም ላይ። ለመቁረጫ ተብሎ የሚሸጠው ዘይት ምርጥ ነው። የሞተር ዘይት ከደረቅ ይሻላል፣ ነገር ግን ለሌላ ሥራ የተቀመመ ነው። ሞራ ካገኛችሁ አትናቁት፤ የድሮ ብረት ሠሪዎች ታፕ የሚቀቡት በሱ ነበር፣ አሁንም ይሠራል።

ባለ አንድ ጭረቱን አፉ ላይ አቁሙ። ከላይ በመዳፍ እየተጫናችሁ ወደ ቀኝ አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር። እዚህ ቁሙ። እጀታውን አውልቁና ስኳድራ አስጠጉ፣ ከአንድ ጎን፣ ከዚያ በ90 ዲግሪ ከሌላው ጎን። ታፑ ካዘነበለ አሁን ነው የሚስተካከለው፤ ትንሽ ወደኋላ መልሳችሁ ከዘነበለበት በተቃራኒ ገፋ እያደረጋችሁ እንደገና ጀምሩ። ከአራት ዙር በኋላ ማስተካከል የለም፣ መስበር ብቻ ነው ያለው። ዓይናችሁን ካላመናችሁ ደግሞ ቋሚ ድሪል ላይ በ10 ሚሊ የተበሳ ወፍራም ቁራጭ ብረት ቀዳዳው ላይ አስቀምጡና ታፑን በሱ ውስጥ አሳልፉት፣ ቀጥ አድርጎ ይይዝላችኋል።

ቀጥ ካለ መጫኑን ተዉ። ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ዙር ወደኋላ። ወደኋላ ስትመልሱ ጠቅ የምትል ነገር በእጃችሁ ይሰማችኋል፣ ፍቅፋቂው ሲቆረጥ ነው። ያቺን ሳትሰሙ ወደፊት አትቀጥሉ። 12 ሚሊ ውፍረት በ1.5 ሲካፈል ስምንት ዙር ነው፣ የሾለው ጫፍ ደግሞ በሌላ በኩል እስኪወጣ ተጨማሪ ጥቂት። በየሁለት ሦስት ዙሩ ዘይት።

እጃችሁ የሚነግራችሁን ስሙ። ጤነኛ ታፕ ከበድ ይላል ግን እኩል ይከብዳል። እጀታው ሲዞር ታፑ ሳይዞር ከቀረ፣ ማለትም ስትለቁት ወደኋላ የሚመለስ ከሆነ፣ ታፑ እየተጠመዘዘ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው እርምጃ ስብራት ነው። ወደኋላ መልሱ፣ ሙሉ በሙሉ አውጡት፣ ቦዩን በብሩሽ ጥረጉ፣ ቀዳዳውን አጽዱ፣ እንደገና በጣት አስጀምሩት።

ከዚያ ባለ ሁለት ጭረቱ፣ ከዚያ የመጨረሻው። ሁለቱንም መጀመሪያ በጣት አስገቧቸው፣ የተሠራውን ጥርስ ራሳቸው እስኪያገኙ። ከመጀመሪያው በእጀታ ካስገደዳችሁ አዲስ ጥርስ በአሮጌው ላይ ይቆርጣል። ሲያልቅ ብሎኑን ሞክሩ። በጣት እስከ መጨረሻው መግባት አለበት።

ያልዘለቀ ቀዳዳ ከሆነ

የኛ ጠረጴዛ ዘልቆ የተበሳ ነው። ካልዘለቀ ነገሩ ይለወጣል። የታፑ ጫፍ ሾጣጣ ስለሆነ እታች ያሉት ጥርሶች ሙሉ አይሆኑም፣ ፍቅፋቂውም ማረፊያ ይፈልጋል። ስለዚህ ሙሉ ጥርስ ከምትፈልጉት ጥልቀት በላይ የአምስት ጥርስ ርቀት ያህል ጨምራችሁ ብሱ፣ ኤም 10 ላይ 7.5 ሚሊ መሆኑ ነው፣ የፑንታውን ሾጣጣ ጫፍ ሳትቆጥሩ። ፑንታው ላይም ታፑ ላይም በፕላስተር ምልክት አድርጉ። ታፑ እታች ሲደርስ በድንገት ነው የሚቆመው፣ በዚያ ላይ ግማሽ ዙር ከጨመራችሁ ይሰበራል። በየአራት አምስት ዙሩ አውጥታችሁ ፍቅፋቂውን አራግፉ።

ሲያልቅ ቀዳዳው ውስጥ ዘይት አይቅር። ብሎን ሲገባ ዘይቱ መውጫ ካጣ እንደ ጃክ ይገፋል፣ ሞኖብሎክ (የሞተሩን ዋና አካል) የሰነጠቀበት አጋጣሚ አለ። በአየር ስትነፉት ፊታችሁን አዙሩ፣ መነጽርም ይኑር፤ ዘይትና ፍቅፋቂው ቀጥታ ወደ ዓይን ነው የሚመጣው።

ብረቱ ምን ዓይነት ነው?

ጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ደረቁን ይቆረጣል። ፍቅፋቂው ዱቄት ስለሆነ ዘይት ከነካው ይቦካና ታፑን ይጨምቃል። አልሙኒየም ላይ ላምባ ጥሩ ነው፣ ብረቱ ታፑ ላይ እንዳይጣበቅ ያደርጋል። ናስ ቀላል ነው፣ ደረቁንም ይሄዳል።

ስቴንለስ ትዕግሥት ይፈልጋል። ፍጥነቱን ከተራው ብረት በግማሽ ወይ ከዚያ በታች አውርዱት፣ ግፊቱን ግን አትቀንሱ። ፑንታው ሳይቆርጥ ከዞረ ያቺን ቦታ ያደነድናታል፣ ከዚያ በኋላ ምንም አይበሳትም። ቀዳዳውንም በጥቂቱ ሰፋ አድርጉ፣ ለኤም 10 8.6 ወይም 8.7።

ባሌስትራ፣ የመኪና ማርሽ፣ የተጣለ ሻፍት፣ እነዚህ ከቁርጥራጭ ብረት መሸጫ ሲገዙ ርካሽ ናቸው፣ ሰው ይወዳቸዋል። ከመግዛታችሁ በፊት ሞረድ ይዛችሁ ጠርዙን ሞክሩ። ሞረዱ ከነከሰ ይበሳል። ሞረዱ ከተንሸራተተ ግን ታፕ አታስቡ። ባሌስትራን ግድ መሥራት ካለባችሁ እሳት ውስጥ ቀይ እስኪሆን አግሉትና አመድ ውስጥ ቅበሩት፣ ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ። ከዚያ ይለሰልሳል፣ በምትኩ ባሌስትራነቱን ያጣል።

አንድ ሌላ ነገር። በኤሌክትሮድ አቃጥሎ መብሳት ጊዜ ሲያጥር ይደረጋል፣ ለማሳለፊያ ቀዳዳ እሺ። ጥርስ ሊወጣበት ለታሰበ ቀዳዳ ግን አይሆንም፤ ግድግዳው ሸካራ ነው፣ ክብ አይደለም፣ ውስጡም ጠንካራ ቆሻሻ ይቀራል።

ታፑ ከተሰበረ፣ ጥርሱ ከተበላ

የተሰበረ ኤችኤስኤስ ታፕ በኤችኤስኤስ ፑንታ አይበሳም። ጥንካሬያቸው አንድ ነው። ብቅ ያለ ነገር ካለ በፒንሳ ያዙና ወደፊትና ወደኋላ እያንቀሳቀሳችሁ ፍቅፋቂውን አላልታችሁ አውጡት። ከውስጥ ከተቀበረ በቀጭን ፓንች የቦዩን ጠርዝ ወደ ግራ ቀስ እያላችሁ ምቱት። ታፑ ወፈር ያለ ከሆነ ደግሞ ጫፉ ላይ በብየዳ ትንሽ አሳድጉና ዳዶ አስቀምጣችሁ በይዱበት፣ ሲቀዘቅዝ በቁልፍ ይፈታል። ሙቀቱም ይረዳል። ውድ ዕቃ ላይ ከሆነ የተሰበረ ታፕ በኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚያቃጥል ማሽን ያላቸው ወርክሾፖች አሉ፣ ወደነሱ ውሰዱት፣ በመዶሻ አታበላሹት።

ጥርሱ ከተበላ ቀላሉ መንገድ ወደሚቀጥለው ልክ መሄድ ነው። የተበላ ኤም 10 ቀዳዳ በ10.2 ተበስቶ ኤም 12 ይገባበታል። መጠኑ መቀየር የማይችልበት ቦታ፣ ለምሳሌ ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ላይ ያለ የካንዴላ ቀዳዳ፣ በብዙ መኪና 14 በ1.25 የሆነው፣ እዚያ የሽቦ ጥርስ ይገባል። በራሱ ታፕ ቀዳዳው ይሰፋል፣ እንደ ስፕሪንግ የተጠቀለለው የሽቦ ጥርስ ይገባና የድሮው ልክ ይመለሳል። አልሙኒየም ላይ ከመጀመሪያው ጥርስ እንዲያውም ይጠነክራል።

ሞርሳውን ማሰር

ጥርሶቹን በላምባ እጠቡ፣ ጥረጉ። የብሎኑን ርዝመት ቁጠሩ፦ የሞርሳው እግር ውፍረት፣ ሮንዴላው፣ እና 12 ሚሊ። ከዚያ ብዙ ከረዘመ ከሥር ያለውን ላሜራ ሊገፋ ይችላል። ሞርሳውን አስቀምጡና አራቱንም ብሎን በጣት አስጀምሩ። አራቱም ሳይገቡ አንዱንም አታጥብቁ፤ አንዱ ከጠበቀ ሌላው ቀዳዳ ጥቂት ቢዛነፍ ብሎኑ ተጣሞ ይገባና አዲሱን ጥርስ ይበላዋል። ከዚያ በሰያፍ፣ አንዱን ከጠበቀ በኋላ ፊት ለፊቱ ያለውን፣ ሁለት ጊዜ እየተመላለሳችሁ አጥብቁ። 8.8 የተጻፈበት ኤም 10 ብሎን ከሆነ 45 ኒውተን ሜትር አካባቢ ይበቃዋል። የሞርሳው እግር ጊዛ ስለሆነ፣ ከሥሩ ክፍተት ካለ ሳታጠብቁ በፊት በቀጭን ላሜራ ደግፉት፣ አለዚያ እግሩ ይሰነጠቃል። መዶሻና ብየዳ ካለበት ከሳምንት ሥራ በኋላ አንድ ጊዜ ደግማችሁ ቁልፍ አስጠጉበት።